አጥር ላይ የሰቀልኩት መ

ፊደል የሚፈተነው በኮምፒውተር ስክሪን ላይ አይደለም። ይህን ለሚሰማኝም ለማይሰማኝም እናገራለሁ። ስክሪን ላይ ሁሉም ፊደል ያምራል። ተጠልፎ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታሽቶ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ከዚያም ከመንገድ ማዶ ሲነበብ ነው ፊደልነቱ የሚታወቀው።

ሆሳዕና ካለው ሱቄ ፊት ለፊት የእህል ወፍጮ ቤት አለ፤ በቆርቆሮ የታጠረ ነው። ናሙናዎቼን እዚያ ቆርቆሮ ላይ በልብስ መቆንጠጫ እሰቅላለሁ፤ ፊደሉን የሚፈትንልኝ አንባቢ ከሱቄ ደጃፍ ቆሞ ያነባል። ወፍጮ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች መጀመሪያ ሰሞን "ሰውዬው ልብሱን የሚያሰጣበት ግቢ የለውም እንዴ?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አሁን አሁን እነሱም ቆመው ይፈርዳሉ።

ጥልፍ ያስተማረኝ ሰው የለም። በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ጀመርኩ፤ ፊደሉን በሳሙና ቁራጭ ጨርቁ ላይ እስልና፣ ጨርቁን የወጠርኩበትን ቀለበት በእጄ እያዞርኩ እጠልፍ ነበር። በኮምፒውተር የሚሠራውን ማሽን ስገዛ ፊደሎች በፍላሽ አብረውት መጡ። የላቲኑ ምንም አይወጣለትም፤ በሀዲይኛና በከምባትኛ ለሚያስጽፉ ደንበኞቼ ዛሬም እጠቀምበታለሁ። የግዕዙ ፊደል ግን ለሕትመት ከተሳለው እንዳለ የተገለበጠ ነበር። ለቀለም የተሳለ ፊደል ደግሞ ለክር አይሆንም። ቀለም ጨርቅ አይስብም፤ ክር ይስባል። ክብ እንዲወጣልህ የፈለግኸውን ትንሽ ወደ ጎን ሞላላ አድርገህ ትስለዋለህ፤ ክሩ ራሱ ሰብስቦ ያከብበዋል። ቀዳዳ እንዲታይህ ከፈለግህም ከሚገባው በላይ ሰፋ አድርገህ ትተዋለህ። ልጅ ማሳደግም እንዲሁ ነው፤ ዓለም እንደሚስበው አስቀድሞ ያላሰበ አባት፣ ልጁ ሲጣመም ክሩን ይረግማል።

ስለዚህ የራሴን ፊደል ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። የእያንዳንዱ ፊደል እግር እንደ እንሰት ቅጠል ጫፍ ወደ ውጭ ጎንበስ የሚል፣ ወገቡ ቀጭን፣ ራሱ ሞላ ያለ። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል አንድ በአንድ መሳል ቀልድ አይደለም። ዓይኔ መድከም የጀመረውም በዚሁ ሥራ ነው።

በዚያው ሰሞን ልጄ ከከምባታ፣ ከሺንሺቾ ሚስት አገባ። በሠርጉ ዕለት ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ "ይህ የአማኝ ቤት ነው፤ በቤቴ የድሮ የአማት ወግ የለም፤ እንደ ወለድኳት ልጄ ትሁን" ብዬ ተናገርኩ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ነገሩ በዚያው ያለቀ መሰለኝ። የተናገርኩት ነገር እንደሚፈጸም የማመን ልማድ አለብኝ።

ምራቴ ዲፕሎማ አላት፤ በተማረችበት ግን ሥራ አላገኘችም። ሱቅ እየመጣች ክር ትቀይርልኝ፣ የተጠለፈውን ትተኩስልኝ ጀመር። እጇ ንጹሕ ነው፤ የጀመረችውን ሳትጨርስ አትነሣም። አንድ ጠዋት እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ዓይኔን ሳሽ ቆማ አየችኝ።

"አባባ፣ ያ ወንበር ላይ እኔ ብቀመጥስ?"

ያ ወንበር ፊደል የሚሳልበት ወንበር ነው። ከእኔ በቀር ማንም ተቀምጦበት አያውቅም።

"ወንበር በዝምድና አይሰጥም" አልኳት። "በዓይን ነው የሚሰጠው። ይህ የመዘምራን ጋውን እስኪያልቅ አንባቢዬ ሁኚ። ዓይንሽ ካልሳተ ወንበሩ ያንቺ ነው። ከሳተ ከሐዋሳ ሰው አስመጣለሁ።"

"ቃል ነው?"

"ቃል ነው።"

ያኔ የከተማችን አንዲት ቤተ ክርስቲያን ለመዘምራኗ ጋውን አዝዛኝ ነበር፤ ደረቱ ላይ በራሴ ፊደል "መዘምራን" የሚል እንዲጠለፍበት። ፊደሌ በሕዝብ ፊት የሚወጣበት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሽማግሌ ካላነበበው አልሠራሁም ማለት ነው።

ሥራው ጥሩ ተጀመረ። ናሙናውን እሰቅላለሁ፤ እሷ ከደጃፍ ሆና ትፈርዳለች። "ሐ የቀኝ እግሩ ታፍኗል።" "ጠ ታጥቦ ተሸብሽቧል፤ ከጨርቁ ሥር ደግፎ የሚይዘው ወረቀት አልበቃውም።" "ቀ ያምራል፤ አይንኩት።" ወደ አጥሩ ሄጄ በጣቴ ስዳስስ እንዳለችው ሆኖ አገኘዋለሁ። ዓይኗ እንደ ጭልፊት ነው ብዬ ለራሴ ተናግሬያለሁ። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ቶሎ የተመሰገነ ሠራተኛ ቶሎ ይሰንፋል።

መ ላይ ስንደርስ ዝም አለች።

"አራተኛውስ?" አልኳት።

መሬት መሬት አየች። "ይታያል፣ አባባ።"

"ይታያል ወይ አላልኩሽም። ማን ነው?"

ዝም።

መ አስቸጋሪ ፊደል ነው። ሁለት ክብ ዓይኖች አሉት፤ ክር ሲበዛባቸው ይደፈናሉ። ስለዚህ ጥፋቱን በፊደሉ ላይ ጣልኩ። እንደገና ሳልኩት፤ ጠለፍኩት፤ አጠብኩት፤ ሰቀልኩት። አሁንም ዝም። ደግሞ ዳሩን አወፈርኩት። "የፊተኛው ይሻል ነበር" አለችኝ በቀስታ። ስሙን መጥራት ያልቻለችውን ፊደል እንዴት ታማርጣለች? አልሰማኋትም። ደግሜ ሳልኩት።

ሌላም የሚያናድደኝ ነገር ነበር። አማርኛዋ ጥሩ ሆኖ ሳለ የሥራችንን ዕቃ በስሙ አትጠራም። መርፌውን "ወጊው" ትለዋለች፤ መቀሱን "ቆራጩ"። እኔም አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፤ በዚህ አገር ብዙዎቻችን እንዲያ ነን። ግን የሙያ ቃል የሙያ ክብር ነው።

"መርፌ በይ እንጂ! ደንበኛ ይስቅብሻል።"

"እሺ፣ አባባ።"

በማግስቱ፦ "አባባ፣ ወጊው ተሰበረ።"

በመጨረሻ ፊደሉን ለብቻው ትቼ ሙሉውን ቃል ጠልፌ ሰቀልኩት። ጋውኑ በሚሰፋበት በዚያው ቀይ ጨርቅ ላይ፣ በወርቃማ ክር። እሷን ደጃፍ አቆምኳት።

"ምን ይላል?"

ትንሽ አመነታች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ዘማሪዎች!" አለች።

ወፍጮ ቤቱ ደጅ ሳቅ ፈነዳ። "እሷ እኮ ጨርቁን ሳይሆን የልቧን ነው የምታነበው!" አለች አንዷ፣ የእህል ዶንያዋ ላይ እንደተቀመጠች። "ጋሼ፣ እኔን ይቅጠሩኝ፤ እኔ ሳላነብም እነግርዎታለሁ!" አለች ሌላዋ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። የደከመ ዓይን አያሳፍርም፤ የእኔም ደክሟል። ያላዩትን አየሁ ብሎ በግምት መናገር ግን ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ ያን ወንበር ላይ አይቀመጥም። እሷም ፊቴን አይታ ገባት። ገብታ የተኮሰችውን ጨርቅ እንደገና መተኮስ ጀመረች። ሐዋሳ ላለው ሰው ደወልኩለትና ሰኞ እንዲመጣ ነገርኩት።

ማታ እራት ሳይቀርብ ለባለቤቴ ነገርኳት። የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

"የልጅቷ ዓይን አይሠራም።"

"የማን? የእሷ? ከምስር ውስጥ ጠጠር የምትለቅምልኝ እሷ ናት።"

"መ የሚለውን ፊደል ማንበብ አቃታት። ደጋግሜ ሳልኩላት፤ አቃታት።"

"ሌላውንስ?"

"ሌላውን ሁሉ ታነባለች።"

ባለቤቴ የያዘችውን ሸሚዝ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ታየኝ ጀመር። "ሌላ በስሙ የማትጠራው ነገር አለ?"

"መርፌና መቀስ አትልም። ምን አገናኘው?"

ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

"እስቲ ስምህን ንገረኝ" አለች።

"ምን ሆነሻል አንቺ?"

"ንገረኝ እንጂ ሰውዬ! እኔማ አልጠራውም፤ አንተው ጥራው።"

ስሜን ልጠራ ከንፈሬን ገጠምኩ። የመጀመሪያው ድምፅ፣ መ፣ እዚያው ከንፈሬ ላይ ቀረ።

ለማያውቅ ሰው ልንገረው። በምራቴ አገር በከምባታ ባሊሻ ይሉታል፤ በእኛ በሀዲያም ዘንድ ያለ ነገር ነው። ሙሽራ የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ ሳይሆን እንደ ስሙ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትታ በሌላ ቃል ትተካዋለች። የእኔው ባለቤት የአባቴ ስም በሚነሣበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ ልጆቼ ወተት ሁለት ስም እንዳለው ያወቁት ከእሷ ነው። ይህን እየሰማሁ አርጅቻለሁ። ሱቄ ውስጥ ግን በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ ለሁሉም ጋሼ ነኝ፤ ምልክቴም "ጥልፍ" ብቻ ነው የሚለው። ስሜን ራሴው ረስቼዋለሁ ብል ይቀላል።

"በሠርጉ ቀን እኮ ተናግሬያለሁ!" አልኩ።

"ተናግረሃል። እናቷ ደግሞ ካንተ በፊት ተናግራለች።"

"ያውም በአማርኛ? የተማረች ልጅ!"

"አክብሮት ምንድን ነው፣ ጫማ ነው? ቋንቋ በተቀየረ ቁጥር የሚወልቅ?"

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ሱቅ ገባሁ። የጠለፍኳቸውን መዎች ሁሉ ከመሳቢያ አውጥቼ ከፊተኛው እስከ ኋለኛው በተርታ አጥሩ ላይ ሰቀልኳቸው። እሷ ስትመጣ ደጃፍ አቆምኳት።

"ማን እንደሆነ አልጠይቅሽም" አልኳት። "የትኛው ይሻላል?"

ቀና ብላ አየችኝ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ሰበረች። ከዚያ ከደጃፍ ሆና አልመለሰችም፤ ባጃጅ አሳልፋ መንገዱን ተሻገረችና በቀጥታ ሄዳ እጇን በፊተኛው ላይ ጫነች።

"ይሄ!" አለች ጮክ ብላ። "ዓይኖቹ ታጥበውም አልተደፈኑም። ሌሎቹን እርስዎ እየደጋገሙ ሲነኩ ነው ያፈኗቸው። ነግሬዎት ነበር፣ አባባ።"

ተከትያት ተሻግሬ በጣቴ ዳሰስኩ። ልክ ነበረች። የፊተኛው መ የተሳለው በደንብ ነበር፤ ሞላላ አድርጌ የተውኳቸውን ዓይኖች ክሩ ሰብስቦ አክብቧቸዋል። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ ጤነኛን ሰው ማከም ነበር። ፊደሌ ጥሩ ነበር፤ ዓይኗም ጥሩ ነበር። ፈተናው ነው መጥፎ የነበረው፤ ዓይኗን ልፈትን ተነሥቼ አፏን ፈተንኩ።

ወፍጮ ቤቱ ደጅ ያለችው ሴትዮ፣ "ጋሼ፣ ዛሬስ አለፈች?" አለችኝ።

"አለፈች" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

እዚያው ፊቷ ሐዋሳ ደወልኩና ሰውዬው እንዳይመጣ ነገርኩት። ለሷም አንድ ነገር ሳልናገር አላለፍኩም፤ ሳልመክር ማለፍ አልችልም። "ልጄ፣ ይህ ወግ ሴቶች ብቻ የሚሸከሙት ሸክም ነው፤ እኔ አላምንበትም። እኔ ራሴ ፈቅጄልሻለሁ። ጥሪው።" አሁንም የማምነው ይህንኑ ነው። ግን መናገር እንጂ ከእናቷ ቃል በላይ ላስገድዳት መብት የለኝም። አክብሮትን በግድ ማስጣል፣ በግድ ከማስያዝ አይሻልም።

"እሺ፣ አባባ" አለች።

ገባችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከፍታውን ለቁመቷ አስተካከለች፤ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረች፤ የፊተኛውን መ ከፈተችና ወደ ማሽኑ ላከችው። ማሽኑ ቀዩን ጨርቅ መውጋት ጀመረ። ሁለቱ ዓይኖች ተራ በተራ ተከፈቱ። ማሽኑ ሲቆም ከጨርቁ ላይ የተረፈ ክር ተንጠልጥሎ ቀረ።

ፊቷን ሳትመልስ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችልኝ።

"አባባ፣ ቆራጩን ያቀብሉኝ።"

መቀሱን አቀበልኳት።