ናይሮቢ ድረስ የተሰማች ትንፋሽ

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ባለፈው ክረምት፣ ከናይሮቢ ለእረፍት ወደ ፒያሳ በመጣሁ ጊዜ ነው። ለማን ብነግረው ይስቅብኛል። አሁን እኔም እስቃለሁ፤ ያን ሰሞን ግን ሳቄ ጠፍቶ ነበር። በአንዲት ትንፋሽ ምክንያት ኢንተርንሺፔን ላጣ ነበር። ቀልዴን አይደለም!

ሀያት እባላለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ ሲሆን ጋዜጠኝነት የምማረው ናይሮቢ ነው። ከትምህርቱ ጎን ለጎን በአንዲት ትንሽ የሰፈር ሬዲዮ ጣቢያ ተለማማጅ ነኝ። ጣቢያዋ ሁለት ክፍል ብቻ ናት። ድምፅ የሚቀረጽበት ክፍል ግድግዳው በእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለብጧል። ቢሆንም እዚያ ገብቼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ዓለም በእኔ እጅ ያለች ነው የሚመስለኝ።

አለቃችን አኪኒ ትባላለች። በእድሜ ከእናቴ ብትበልጥ እንጂ አታንስም። መጀመሪያ ቀን «አኪኒ ብለሽ ጥሪኝ» አለችኝ። እንዴት አድርጌ! ሳምንት ሙሉ እሷን ማናገር ስፈልግ እስክታየኝ ድረስ አጠገቧ ሄጄ እቆም ነበር።

የመጀመሪያ ቃለ መጠይቄን ያደረግኩት ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጋር ነው። በጣም ኮርቼበት ነበር። አኪኒ አዳመጠችው፤ ከዚያ ማዳመጫውን አውልቃ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ሀያት፣ አስም አለብሽ?»

«ኧረ የለብኝም።»

«ታዲያ ሴትየዋ እያስፈራራችሽ ነበር?»

ድምፁን ሁሉም ሰው እንዲሰማው ከፍታ አጫወተችው። ልብስ ሰፊዋ ስለ ሥራዋ ታወራለች፤ ከሥር ደግሞ አንዲት ልጅ ደጋግማ አየር ወደ ውስጥ ትስባለች። «እህ!» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እህ!» በሦስት ደቂቃ ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ። አንድ ሰው የሚሰምጥ ነው የሚመስለው።

ያቺ ትንፋሻችን ናት እንግዲህ! ሰው ሲያወራ እየሰማን መሆናችንን የምንናገርባት፣ «አዎ» የምንልባት። እናቴም፣ የሱቁም ሰውዬ፣ የታክሲ ረዳቱም እንደዚያው ነው የሚያደርጉት። እኔ እንደማደርጋት እንኳ አላውቅም ነበር። ለአኪኒ አስረዳኋት።

«ገባኝ» አለች። «አድማጭ ግን አይገባውም። እንግዳሽ ሲያወራ ዝም በይ። በዓይንሽ ስሚ።»

ከዚያ በኋላ የጣቢያው ልጆች ሙድ ያዙብኝ። ሻይ ልቅዳ ስነሳ ሁሉ ከኋላዬ «እህ!» ይላሉ። ሴሚስተሩን ሙሉ ከንፈሬን ነከስኩ፣ ጭኔን ቆነጠጥኩ። ትንፋሿ ግን በአፍ ስከለክላት በአፍንጫ ትመጣለች።

እረፍት ሊሆን ሲል አኪኒ እኔንና አብሮኝ የሚሠራ ሌላ ተለማማጅ ጠራችን። ለቀጣዩ ሴሚስተር በጣቢያዋ የሚቆየው አንዳችን ብቻ ነው። እያንዳንዳችን ከትውልድ ከተማችን የአምስት ደቂቃ ዝግጅት ቀርጸን እንልካለን፤ ዝግጅቱ አየር ላይ የዋለለት ሰው ይቆያል። ልወጣ ስል «ትንፋሽሽን እዚሁ ጥለሽልን ሂጂ» አለችኝ። ቀልድ ነበር፤ ግማሹ ግን ቀልድ አልነበረም።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ማንን ላናግር ብዬ ስጨነቅ እናቴ «ጋሽ ሙሄ እያሉልሽ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጋሽ ሙሄ የካፌ ቡና ማሽን ጠጋኝ ናቸው። በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚህ ሠርተዋል፤ ፒያሳ ውስጥ የእሳቸው ካቻቪቴ ያልነካው ማሽን የለም። ሱቃቸው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነበር። ቦታው አሁን ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ እሳቸውም የአንድ ካፌ ጓሮ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ይሠራሉ። ወሬ ሲጀምሩ ደግሞ የቀረበልህ ማኪያቶ ይቀዘቅዛል እንጂ ተነስተህ አትሄድም።

ረቡዕ ጠዋት ሄድኩ። ዝግጅቱ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ድረስ መላክ አለበት። ማይክራፎኑን ደቀንኩና «ጋሽ ሙሄ፣ ሥራውን እንዴት ጀመሩት?» አልኳቸው።

«እኔማ ምን ሆንኩ መሰለሽ!» ብለው ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። «ከአገር ቤት እንደመጣሁ…»

እኔ ዝም። ከንፈሬን ግጥም አድርጌ በዓይኔ እየሰማሁ ነው።

«…እንደመጣሁ እዚህ አካባቢ ካፌ ገባሁ…»

ዝም።

«ከዚያ… አለሽ?»

ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

«ከዚያማ… ሥራ ጀመርኩ።»

«ከዚያስ?»

«በቃ፣ ይኸው እሠራለሁ።»

ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ሥራ በአንድ ደቂቃ አለቀ! ደግሜ ጠየቅኳቸው፤ ባሰ። ጉሮሯቸውን ጠራርገው «በአሁኑ ሰዓት በቡና ማሽን ጥገና ዘርፍ…» ማለት ጀመሩ፤ ልክ እንደ ቴሌቪዥን ዜና። እንደዚያ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። በመጨረሻ ዝቅ ብለው አዩኝና «ሀዩ፣ ምን አጥፍቼ ነው? ተቀይመሽኛል እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ በፍጹም፣ ጋሽ ሙሄ!»

አላመኑኝም። ስወጣ የካፌው ባሬስታ ለጓደኛዋ «ናይሮቢ ሄዳ ኮርታ መጣች» ስትል ሰማኋት። ከካፌው እስከ ቤታችን ድረስ እያለቀስኩ ሄድኩ። ዝናብ ስለነበር ማንም አላወቀብኝም፤ እሱ ጥሩ ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት ይቅርታ ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከባለቤታቸው ከእትዬ ከድጃ ጋር ይኖራሉ። ነገሩን ሁሉ ከነአስሙ፣ ከነሙዱ ነገርኳቸው። ጋሽ ሙሄ እጃቸው ላይ የነበረውን ፒንሳ አስቀምጠው መሳቅ ጀመሩ።

«ከድጃ! ነይ ስሚ! ልጅቷን ናይሮቢ ላይ ትንፋሽ ከልክለዋታል!»

«እህ! ለምን?» አሉ እትዬ ከድጃ፣ አየሩን ሳብ አድርገው።

በቃ ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን። እትዬ ከድጃ ለምን እንደምንስቅ ሳይገባቸው ነው አብረውን የሳቁት። ሲገባቸው እንደገና ሳቁ።

ሳቁ ሲያልቅ ጋሽ ሙሄ ቆፍጠን አሉ። «ስሚኝ የኔ ልጅ። እኔ ለዚህ ለማይክራፎንሽ ወሬ የለኝም። የማወራው ላንቺ ነው። ዝም ስትይኝ ግድግዳ ያናገርኩ ነው የሚመስለኝ። ወይ ተንፍሺና ላውራ፣ ወይ ሻያችንን ጠጥተን በሰላም እንለያይ።»

አኪኒን አሰብኳት። ያንን ሌላ ተለማማጅ አሰብኩት፤ እሱ እስካሁን ልኮ ይሆናል። ከዚያ መቅረጫውን ከፈትኩና ጉሮሮዬን ለቀቅኩት።

«ሳህን አጣቢ ነበርኩ» ብለው ጀመሩ።

«እህ።»

«የበዓል ዋዜማ ነው፣ ካፌው ጢም ብሏል። አሮጊቷ ድርግም አለች!»

አሮጊቷ የሚሏት የካፌውን ባለ እጀታ የጣሊያን ማሽን ነው።

«እህ!»

«መካኒኩ አገሩ ገብቷል። ባለቤቱ ጭንቅላቱን ይዟል። እኔ ዝም ብዬ ሄጄ ጆሮዬን ሆዷ ላይ ለጠፍኩ። ታቃስታለች። ቱቦዋ ውስጥ የሆነ ነገር አንቋታል አልኩ። በወጥ ቤት ቢላ ፈታኋት፤ ድንጋይ የመሰለ የውሃ ዝቃጭ ወጣ። መልሼ ስገጥማት እንፋሎቱ ተለቀቀና የባለቤቱን መነጽር ሸፈነው። ሰውዬው ከደስታው ብዛት ያገኘውን ሰው አቀፈ። ሳህን አጣቢውን እንዳቀፈ ያወቀው በኋላ ነው።»

እኔ እየሳቅኩ አየር እስባለሁ፤ እሳቸውም ይቀጥላሉ። ካፌው የነበረበት ቤት ሲፈርስ አሮጊቷን ቆራሌ ሊወስዳት እንደነበር ነገሩኝ። ይሄኔ ድምፃቸው ቀነሰ። ቆራሌው ከመድረሱ በፊት ቀድመው ደርሰው በሁለት ሰው አሸክመው አመጧት።

«የት አደረጓት?» አልኳቸው።

እትዬ ከድጃ ቀደሟቸው። «የት ያደርጋታል? መኝታ ቤቴ ውስጥ ነዋ! በዚህ ዕድሜዬ ጣውንት አመጣብኝ። እሱ ጆሮውን ይለጥፍባታል፣ አቧራዋን የማነሳው እኔ!»

ገብተን አየናት። ከአልጋው ግርጌ ቆማለች፤ የምታብረቀርቅ፣ ደረቷን የነፋች። ጋሽ ሙሄ በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ኤሌክትሪክ ላይ ይሰኳታል። ቡና አያፈሉባትም።

«ታዲያ ለምንድነው የሚሰኳት?»

«እንድትተነፍስ ነዋ» አሉ፤ ሌላ ምን ሊሆን ነው በሚል አነጋገር። ከዚያ እንፋሎቷን ከፈቱት። ፍሽሽሽሽ! ክፍሉ በጉም ተሞላ፤ እኔም ከሆዴ ድረስ «እህ!» አልኩ። እሷ አስወጣች፣ እኔ አስገባሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ተቀረጹ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀመጥኩ። ትንፋሾቼን አንድ በአንድ ቆርጬ አወጣኋቸው። ጨርሼ ሳዳምጠው ጋሽ ሙሄ ሰው እያባረራቸው የሚያወሩ ይመስላሉ። ለካ እሳቸው የእኔን ትንፋሽ እየጠበቁ ነው ቀጣዩን የሚናገሩት። እናቴን ጠርቼ አሰማኋት። ትንሽ አዳመጠችና «ይሄማ ሙሄ አይደለም» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ያልተቆረጠውን መለስኩት። የእሳቸውን ንግግር በእንግሊዝኛ የምተረጉምበትን ድምፄን ጨመርኩበት። ከፊት ለፊቱ ደግሞ አጭር መግቢያ አስገባሁ፦ «አሁን የምትሰሙት ድምፅ በሽታ አይደለም። በአገሬ ሰው ሲያወራ አድማጩ የሚሰማው እንደዚህ ነው። እንግዳዬም እኔ ካልተነፈስኩ እንደማያወሩ ነግረውኛል።» ዓርብ ጠዋት ቢስሚላህ ብዬ ላክሁት።

ቅዳሜ አኪኒ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ስከፍተው ለረጅም ጊዜ ዝም ነው። ጨርሳ የተናደደች መሰለኝ። ከዚያ አንድ የሚያስፈራ ድምፅ መጣ፣ «ህእእ!»፤ ተከትሎም ሳል፣ ሳል፣ ሳል።

«እንዴት ነው የምታደርጓት?» አለች ድምፅዋ ተመልሶ። «ጠዋቱን ሙሉ ስሞክራት ዋልኩ፤ ያተረፍኩት ሳል ብቻ ነው። ሀያት፣ ደንቡ አልተቀየረም። ሌላ ጊዜ እንግዳሽ ሲያወራ ዝም ትያለሽ። ይህን ግን አልነካውም። ሰኞ ጠዋት አየር ላይ ይውላል። ያንቺም ወንበር እዚሁ ይጠብቅሻል።»

አልጋዬ ላይ ወጥቼ ዘለልኩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ!

ሰኞ ጋሽ ሙሄ በሚሠሩበት ካፌ ስልኬን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠን የጣቢያዋን ስርጭት በኢንተርኔት ከፈትነው። ያቺ ባሬስታ ስኒ ማጠብ አቁማ መጣች። እትዬ ከድጃ አዲስ ሻርፕ ለብሰው ነበር። ድምፄ በእንግሊዝኛ ሲመጣ ሁሉም ወደ ስልኩ ተጠጋ። «ምን አለች? ምን አለች?» ይባባላሉ፤ ከሥር የጋሽ ሙሄ አማርኛ ብቅ ሲል ደግሞ ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሮ ይስቃል። ከዚያ የአሮጊቷ እንፋሎት ፍሽሽሽ ብሎ መጣ፣ የእኔም ትንፋሽ። ባሬስታዋ ሳታስበው «እህ!» አለች። ማኪያቶ የያዘው ሰውዬ «እህ!» በር ላይ የቆሙትም «እህ!» እርስ በርሳቸው ተያዩና ካፌው በሳቅ ተናጋ።

ጋሽ ሙሄ ብቻ አልሳቁም። ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አዘንብለው እስኪያልቅ ጠበቁና «ማሽኗ በደንብ ተሰምታለች» አሉ። ባሬስታዋ ማኪያቶ ሠርታ አመጣችልኝ። «ኮርታ መጣች ብዬ አምቼሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ» አለችኝ። ይቅር አልኳት። ማኪያቶው ግን በጣም ትኩስ ነበር፤ አፌን አቃጠለኝ።

አሁን ናይሮቢ ተመልሻለሁ። ሰው ሳነጋግር ዝም ማለቱን ለምጄዋለሁ፤ ሥራ ነውና። በዓይኔ መስማትም ተምሬያለሁ። ብቻ እንደ በፊቱ ጭኔን አልቆነጥጥም፣ አላፍርባትምም። ከማይክራፎኑ ፊት ስነሳ ትንፋሼን መልሼ እለብሳታለሁ።

ጋሽ ሙሄ አንዳንዴ ይደውሉልኛል። መስመሩ ብዙ ጊዜ ይቆራረጣል። ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ እንቢተኛ የማሽን ቫልቮላ እያወሩኝ ድንገት ድምፃቸው ጠፋ፤ ቆይቶ ከሩቅ መጣ።

«ሀዩ? አለሽ?»

መናገር ሳያስፈልገኝ አየሩን ሳብ አደረግኩ።

«በቃ አለሽ» አሉና ወሬያቸውን ቀጠሉ።