ሠላሳ ስድስቱ እስኪያልቅ

ልጄ ስልኳን ትደቅንና ፎቶ ታነሳኛለች፤ ወዲያው አየት አድርጋ «እማዬ፣ አላማረብሽም» ብላ ታጠፋኛለች። ሌላ ታነሳለች፤ እሱንም ታጠፋለች። የፎቶ ጉጉት የሚባል ነገር ሳታውቅ አደገች ብዬ አዝንላታለሁ። ከዚያ ደግሞ እኔ ምን አፍ አለኝ እላለሁ። መጠበቅ አቅቶኝ የሠራሁትን አልነገርኳትም።

ወንድሜ ወደ ባድመ ሲዘምት አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ያኔ ሸዋ ሮቢት፣ እኛ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ፎቶ አንሺ ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ወንድሜ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቴን ከማንጎው ሥር አቆማትና እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ አብሯት ተነሳ። ከዚያ በፊት ፎቶ ተነስቶ አያውቅም።

«እትዬ፣ ፊልሙ ሠላሳ ስድስት ነው፤ እስኪያልቅ ይታገሡኝ። ሲያልቅ አዲስ አበባ ልኬ አሳጥበዋለሁ» አላት ፎቶ አንሺው።

እናቴ ደስ ብሏት ጠበቀች። ወንድሜ ከሄደ በኋላ ቤታችን ውስጥ የቀረው ደስታ ያ ፎቶ ብቻ ነበር። የፊት ጥርሷ ስለወለቀ አፏን ገጥማ ነው የቆመችው፤ እሱ ግን ልክ ሊነሱ ሲሉ አንድ ነገር ሹክ ብሎ አሳቃት። ማሾ ስንለቅም «ጥርሴ ታይቶ ይሆን?» ትለኛለች። በማግስቱ ደግሞ «ታይቶ ከሆነም ይታይ፤ ልጄ ነው ያሳቀኝ» ትላለች። ለጎረቤት ስታወራው በየቀኑ አንድ ነገር ትጨምርበታለች። ገና ያልታየውን ፎቶ ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ያውቀው ነበር።

እኔ ለማየት ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፎቶ አንሺው ሙቀቱ ሲያስመርረው ሊታጠብ ሮቢ ወንዝ ወረደ፤ ካሜራውን አልጋው ላይ ትቶት ነበር። ፎቶው ተሠርቶ ውስጡ የተቀመጠ መስሎኝ ነው፤ ሌላ ምን አውቃለሁ? ከኋላው ከፈትኩት። ቡናማ ጥቅል እንጂ ማንም አልነበረበትም። ዘግቼ መለስኩት። ፊልም ብርሃን ካየ እንደሚቃጠል የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው፣ እሱ ራሱ ለሌላ ሰው ሲያስረዳ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም። ፈርቼ ዝም አልኩ።

ፊልሙ ሄዶ ባዶውን ሲመለስ ፎቶ አንሺው ጥፋቱ የራሱ ሳይመስለው አልቀረም፤ እሱም ለእናቴ እውነቱን አልነገራትም። «በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል እትዬ» እያለ ከርሞ ቤቱን ለቆ አጣዬ ገባ። እናቴ አልተቀየመችውም። «ሲደርስለት ያመጣዋል» ትል ነበር። እንዲህ ባለች ቁጥር ተነስቼ ከቤት እወጣለሁ።

ጦርነቱ አለቀ። አንድ ማለዳ የዕድሩ ዳኛ ከቀበሌ ሰዎች ጋር መጥቶ የወንድሜን መርዶ አረዳት። ለቅሶው ላይ የሚያዝ ፎቶ ስላልነበረ ሴቶቹ ሸሚዙን ይዘው አለቀሱ። እናቴ ግን በለቅሶው መሀል ቀና እያለች «ፎቶው ይመጣል፤ ያኔ መልኩን ታዩታላችሁ» ትላቸው ነበር።

አርባው በወጣ ማግስት ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። እግሯ ላይ ወድቄ ካሜራውን መክፈቴን፣ ፊልሙ መቃጠሉን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ እንዴት በወደድኩ። እሷ ግን እኔን አንድ ጊዜም አላየችኝም።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ካልሽ አይቀር፣ ዕድሜሽን ሙሉ ዝም አትዪም?» አለችኝ። «ልጄን አይመጣም ብለው ነገሩኝ። ፎቶውን እንኳ እየጠበቅሁ ብኖር ምን ጎዳሽ?»