አባቴ የሚያሳድጋቸው ፌዛንቶች

ጽሑፌ ተመረጠ። ሐሙስ ዕለት ወደ ሰፈራችን ሴንት አልባንስ በሚመልሰኝ ባቡር ውስጥ ቆሜ ሳለሁ፣ የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ቤታችን መምህርት ቴክስት አደረጉልኝ፤ በዓመቱ መዝጊያ ወላጆች ፊት የሚነበበው የእኔ ነው። ደስታዬን የት ላድርገው? አጠገቤ ለተቀመጡት የማላውቃቸው ሴትዮ ፈገግ አልኩላቸው። ሁለት ጣቢያ እንኳ ሳልደሰትበት ግን ሌላ ቴክስት መጣ፤ ወላጅ አንብቦ ይፈርም ይላል።

ተያዝኩ።

እስከዛሬ በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን አባቴ ሳያነብ «ጎበዝ» ብሎ ነው የሚፈርመው። ይሄኛው ግን በራሱ ቋንቋ ነው። ደግሞም ስለ እሱ ሥራ ነው።

አባቴ ከዌሪቢ ከተማ ወዲያ ባለ አንድ እርሻ ፌዛንት ያረባል። ፌዛንት የቆቅ ዘመድ ነው፤ ወንዱ ቀይ ፊትና ረጅም ጅራት አለው። ጫጩቶቹ በመረብ ውስጥ ያድጋሉ፣ ከዚያ ሜዳ ላይ ይለቀቃሉ፣ ከዚያ ከፍለው የመጡ አዳኞች ይተኩሱባቸዋል።

ባለፈው የክረምት ዕረፍት እናቴ ዲር ፓርክ በምትሠራበት መጋዘን ሺፍት ስለነበራት፣ አባቴ ይዞኝ ይሄድ ነበር። መረቡ ወፎቹ እንዳያመልጡ ሁለት በር አለው፤ መቀርቀሪያው ደግሞ በውጭ በኩል ነው። እሱ ውሃ ሊያመጣ ሲሄድ እኔ ከውስጥ እቀራለሁ። ከላይ መረብ፣ በግራ መረብ፣ በቀኝ መረብ። ወፎቹ መጥተው የጫማዬን ክር ይጎትታሉ። አይፈሩኝም። ያስጨነቀኝም ይሄው ነው፤ ሰው ሲያዩ እህል የመጣ ነው የሚመስላቸው።

በመኪና ስንመለስ እንከራከራለን። እርባታው ባይኖር አዳኙ የዱሩን ድርጭት ይጨርሰው ነበር ይለኛል። ለፌዛንቶቹ መደበቂያ የተተወው ቁጥቋጦ ለሌሎች ወፎችም ቤት ሆኗል ይለኛል። ደግሞ አንቺ የምትበያት ዶሮ ሰማይ አይታ ታውቃለች ወይ? እኔ በበኩሌ፣ ከጥይት የተረፈውን ቀበሮ ይበላዋል እላለሁ፤ በእጅ የተቀለበ ወፍ መደበቅም ሆነ ምግብ መፈለግ ከየት ይማራል? ቀበሮው አንዴ ከለመደ ደግሞ የጎረቤት ዶሮም አይተርፍም። እዚህ ላይ አባቴ መኪናው ውስጥ የከፈተውን መዝሙር ከፍ ያደርገዋል። ከሚሄድ መኪና ደግሞ አይወረድም።

አንድ ቀን አዳኞቹ ሁለት ወፍ ሰጡት። ተመትተው ገና ሲወድቁ ቢላውን ይዞ፣ በስመ አብ እያለ ነፍሳቸው ሳትወጣ ሊያርዳቸው ሮጦ ነበር፤ አዳኞቹ ምን ሆነ ብለው ደነገጡ። አንዱ ላይ ደረሰ፤ ሌላው ሞቶ ቀደመው። የሁለቱንም አንገት ቆርጦ በአንድ ፌስታል ከተታቸውና ቤት ሲደርስ የቱ የተባረከው እንደሆነ ጠፋበት። እናቴ በክት ቤቴ አይገባም ብላ ሁለቱንም ከነፌስታላቸው በረንዳ ላይ አስቀረቻቸው።

ይሄን ሁሉ ጽፌአለሁ። መጨረሻ ላይ ግን እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፦ አባቴ ወፎቹን የሚያሳድጋቸው ሰውን አምነው እንዲሞቱ ነው።

ሐሙስ ማታ እራት በልተን ወረቀቱን ሰጠሁት። የእኔ ወንበር በጠረጴዛውና በግድግዳው መሀል ስለሆነ እሱ ካልተነሣ መውጫ የለኝም። የፌስታሉ ታሪክ ላይ ሲደርስ ሳቀ። እናቴም «ሰው ፊት ልታነቢው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ጣቱ መጨረሻው መስመር ላይ ቆመ። እሰርዘዋለሁ ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«አትሰርዢው» አለ። «ግን ያላየሽው አለ። ሊለቀቁ ሳምንት ሲቀራቸው ጣሳ እየደበደብኩ ነው የምገባው። አባርራቸዋለሁ።»

«ለምን?»

«ሰው እንዲፈሩ ነዋ። ቶሎ የተነሣ ሊያመልጥ ይችላል።» እስክሪብቶውን አነሣ። «አንዳንዱ ግን ጣሳው ውስጥ እህል ያለ መስሎት ወደ እኔ ይመጣል።»

ፈረመ። እኔም ጣሳውን ጨመርኩ፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን አልነካኋትም። ከእሷና ከእሱ ጣሳ የቱ ልክ እንደሆነ አሁንም አላውቅም፤ በመረቡ ሁለት በሮች መካከል እንደቆምኩ ነኝ።

የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በትምህርት ቤታችን አዳራሽ አነበዋለሁ። እናንተም ኑ። አባቴ የፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የሚከራከር ካለ እኔን ትቶ እሱን ያናግር ብሏል። ብቻ አደራ፣ ከመኪናው ውጭ ያዙት፤ ውስጥ መዝሙር አለው።