የቡና ቀማሹ ጉንፋን

የአፍንጫ ሐኪሙ በር ላይ ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ በወረቀት የተጠቀለለ የተቆላ ቡና ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ወደ እኔ አስጠጉት።

«እስቲ ልጄ፣ ይሸትሃል?»

«ቤቱን አወደው እንጂ!»

«እኔን ከጉንፋኑ ወዲህ እምቢ ብሎኛል። ምላስ ብቻውን ምሬቱን ነው የሚነግርህ፤ የቀረው የአፍንጫ ሥራ ነው።»

ሠላሳ ዓመት በቡና ቀማሽነት ኖረዋል። የሸሚዛቸው ደረት በቡና ጠብታ ተዥጎርጉሯል።

«ታዲያ ሥራውን እንዴት አደረጉት?»

«የባልደረባዬን ፊት አያለሁ። እሱ ካጨማደደ ‹ሻግቷል› እላለሁ። እስካሁን አልተነቃብኝም።» ሳቅ አሉና ወረቀቱን መልሰው ጠቀለሉት። «ሥራውስ ግድ የለም። የሟች ባለቤቴን ሹራብ ለጠረኗ ስል ሁለት ዓመት ሳላጥበው ኖሬ ነበር።»

«አሁንስ?»

«ትናንት አጠብኩት።»