ገንዳው ወተት የመሰለበት ቀን

ተሳፋሪዎቹ «ፍሬኑ» ነበር የሚሏቸው። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ሆነው በኖሩባቸው ዓመታት ሰው ቀርቶ ውሻ ገጭተው አያውቁም። ነገር ግን መንገድ ዳር የቆመ ሰው እግሩን ገና ሲያነሳ እሳቸው ፍሬን ይይዛሉ። ከኋላ የቆመው ከፊት ባለው ላይ ይደረብና «ኧረ ፍሬኑ፣ ጨረሱን!» የሚል ጩኸት ይነሳል። እሳቸው አይቆጡም። ፈሪ መሆናቸውን ያውቁታል፣ ደብቀውትም አያውቁም። ሚስታቸው ሞታ አንዲት ልጃቸውን ብቻቸውን ማሳደግ ሲጀምሩ ደግሞ ባሰባቸው። ልጅቷ ካስነጠሰች ሐኪም ቤት ናቸው፤ ትንሽ ከዘገየች የትምህርት ቤቱ በር ላይ ናቸው።

ያቺ ልጅ ግን ደፋር ወጣች። የሥዕል መምህርት ሆነች፣ ብረት በያጅ አገባች፣ አባቷ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ «ብቻህን ምን ታደርጋለህ» ብላ ሳትለማመጥ ሻንጣቸውን አንስታ ቤቷ ወሰደቻቸው። ሳሎኗ ውስጥ፣ ከሶፋው ትይዩ፣ አልጋ የሚያህል የመስታወት ገንዳ አለ። የተሞላው በጨው ውሃ ሲሆን ውስጡ ኮራሎችና አንዲት ቢጫ ዓሣ ይኖራሉ። ሾፌሩ ኮራሎቹን መጀመሪያ ሲያዩ ድንጋይ ላይ የተሰኩ የፕላስቲክ አበቦች መስለዋቸው ነበር።

«ሕይወት ያላቸው የባሕር እንስሳት ናቸው እኮ፣ አባዬ» አለቻቸው ልጃቸው እየሳቀች። «ይበላሉ፣ ያድጋሉ፣ አጥንት ይሠራሉ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በገንዳው አጠገብ የሚያልፉት ክንዳቸውን ሰብስበው ነበር።

ልጃቸው ስታረግዝ የደም ግፊቷ ከፍ አለ። ሐኪሞቹ እስክትወልድ ሆስፒታል ትተኛ አሉ። ባሏ ቀን እየበየደ፣ ከሥራ ሲወጣ እሷ ዘንድ እያመሸ ሊዘልቀው ሆነ። ገንዳው ለማን ይቅር?

«ለአንተ ነዋ» አለች።

«ለእኔ? እኔ ባሕር በፎቶ ሳይ እንኳ የምሸሽ ሰው!»

እሷ መች ትሰማለች። ከመሄዷ በፊት ወንበር አስጠግታ አስቀመጠቻቸውና አስተማረቻቸው። ኮራሎቹ አጥንታቸውን የሚሠሩት ውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየምና አልካሊ ነው፤ ሁለቱንም በየቀኑ ስለሚጨርሱት በየቀኑ መተካት አለበት። አንደኛው ጠርሙስ ካልሲየም ነው። ሌላኛው አልካሊ ነው፤ «ሶዳ በለው» አለቻቸው። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ክዳን፤ ግን አንድ ላይ አይደለም።

«አንዱን ጨምረህ ውሃው አዙሮ እስኪያጠፋው ጠብቅ። ጣውንቶች ናቸው። ፊት ለፊት ከተገናኙ ይያያዙና ኖራ ይሆናሉ።»

ውሃውን በብልቃጥ ቀድቶ መለካትም አሳየቻቸው። በመጀመሪያው ጠብታ ሰማያዊ የሚሆነው ውሃ ቢጫ እስኪሆን የመለኪያ መድኃኒቱን በጠብታ በጠብታ መጨመር፣ ጠብታውን መቁጠር።

«አልካሊው ወርዶ ካገኘኸው ቀስ ብለህ መልሰው። በአንዴ ከዘለለ ጫፋቸው ይቃጠላል።»

«ቀስ ማለትን ለእኔ ነው የምታስተምሪው?»

ልጃቸው ከሄደች በኋላ አንድ ክፉ ሐሳብ ገባባቸውና አልወጣም አለ፤ ይህ ገንዳ አንድ ነገር ከሆነ እሷም አንድ ነገር ትሆናለች። ሞኝነት መሆኑን ያውቃሉ። ለማንም አልተናገሩም። ግን ጠዋት ከአልጋቸው ሲነሱ ፊታቸውን ሳይታጠቡ ሮጠው የሚያዩት ገንዳውን ነው። ሐምራዊዋ፣ ቅርንጫፍ የበዛባት፣ ልጃቸው «ሙሽራዬ» የምትላት ኮራል ቀለሟ ካለ፣ ቢጫዋ ዓሣም ከድንጋዩ ሥር ብቅ ካለች ያኔ ይተነፍሳሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ካልሲየሙን ጨምረው ክዳኑን ሳይገጥሙ ስልክ ጮኸ። አማቻቸው ነበር።

«አባባ፣ ግፊቷ በጣም ወጥቷል። አሁን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት።»

«ምን አሉ? ምን አሉህ?»

«ምንም አላሉኝም። ይምጡ ብቻ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሾፌሩ ጫማቸውን ለማድረግ ሄዱ፤ ተመለሱ። ሶዳውን አልጨመርኩም አሉ። ለእሷ ብዬ ልጨርስ አሉ። ጠርሙሱን አነሱና በክዳን መለካቱን ረስተው እንዳለ ካልሲየሙ ከገባበት ቦታ ላይ ዘቀዘቁት። ጠርሙሱ ጓ ጓ እያለ ገሚሱ ሲፈስ ነው የነቁት።

መጀመሪያ እንደ ጭስ ያለ ነገር ታየ። ወዲያው ጭሱ ወፈረ፣ ተስፋፋ፣ ኮራሎቹ አንድ በአንድ ከዓይን ጠፉ። ገንዳው ወተት መሰለ።

ሾፌሩ እንደ ቆሙ ቀሩ። «ገደልኳት» አሉ፤ ኮራሏን ይሁን ልጃቸውን እሳቸውም አላወቁም። ቢጫዋ ዓሣ ከወተቱ ውስጥ ወጥታ ውሃው አናት ላይ አፏን ትከፍት ትዘጋ ጀመር።

ስልክ አነሱና ልጃቸው የገንዳውን ጨው የምትገዛበት የጌጥ ዓሣ መሸጫ ባለቤት ዘንድ ደወሉ።

«ልጄ፣ ውሃው ነጭ ሆነ! ሁለቱን አገናኘኋቸው!»

«ይረጋጉ፣ አባባ» አለች ሴትየዋ። «የትኛው ነው የበዛው?»

«ሶዳው። ገለበጥኩት።»

«ምንም ነገር እንዳይጨምሩ። ለማስተካከል ብለው ምንም! ውሃውን የሚያዞሩትን ሞተሮች እንዳያጠፉ፣ ይዙሩ። የተዘጋጀ የጨው ውሃ አላችሁ?»

«በርሜል ሙሉ አለ።»

«በቃ፣ ከገንዳው እየቀዱ ያውጡ፣ በምትኩ ከበርሜሉ ይሙሉ። ቀስ እያሉ። ነጩ ነገር ኖራ ነው፣ ይዘቅጣል።»

ጎማውን ገንዳው ውስጥ ከተው በአፋቸው ሳቡ። ጨውና ኖራ ጉሮሯቸው ድረስ ገባ። ባልዲው ሲሞላ ወደ መታጠቢያ ቤት ይሮጣሉ፣ ይደፋሉ፣ ከበርሜሉ ቀድተው ይመለሳሉ። ሆስፒታል እየጠራቸው ነው፤ ገንዳው አለቅም ብሏል። ከሁለቱ የቱን ቢተዉ እንደሚቆጫቸው ሊለዩ አልቻሉም። በርሜሉ ሲያልቅ ዓሣዋ ከአናት ወርዳ ነበር፣ ውሃው ግን ገና ነጭ ነው። በሩን እንኳ መቆለፋቸውን ሳያስተውሉ ወጡ።

አማቻቸው ኮሪደሩ ላይ ከወዲያ ወዲህ ይላል። ሲያያቸው ደነገጠ። እጅጌያቸው እስከ ክርን እርጥብ ነው፣ ሱሪያቸው በነጭ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ኖራ ነው።»

«ቤት ሲቀቡ ነበር?»

ሾፌሩ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው የቀዶ ጥገናውን በር ተመለከቱ። በሩ ሲንቀሳቀስ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይጫናል። አንዲት ነርስ ደም የያዘ ከረጢት ይዛ በፍጥነት ገባች። አማቻቸው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሾፌሩ መጸለይ ፈልገው ቃሉ ጠፋባቸው፤ «ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ» ብቻ ይሉ ነበር።

በኋላ ያቺው ነርስ ወጣች።

«አባቷ እርስዎ ነዎት? ሴት ልጅ ተወልዳለች። ትንሽ ናት፣ ማሞቂያ ውስጥ አስገብተናታል። እናትየዋ ብዙ ደም ፈሷት ነበር፤ አሁን ቆሟል። ገና እንከታተላታለን።»

«ትድናለች ማለት ነው?»

«ደሙ ቆሟል» አለች ነርሷ፤ ወደ ክፍሉ ተመልሳ ገባች።

ልጃቸውን እንዲያዩ የተፈቀደላቸው በማግስቱ ነው። ከንፈሯ ገርጥቷል። ስለ ገንዳው አልጠየቀቻቸውም፣ እሳቸውም አላነሱም። እጇን ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ።

ቤት ሲመለሱ ውሃው ጠርቶ ነበር። ድንጋዩ፣ ሞተሩ፣ መስታወቱ ሁሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ሲለኩት ካልሲየሙ ወርዷል፣ አልካሊው ግን ዘሏል። የዓሣ መሸጫዋ ሴት ሶዳውን ለጊዜው ጨርሶ እንዲተዉት፣ ካልሲየሙን ብቻ በትንሽ በትንሹ እንዲመልሱ ነገረቻቸው። እንዳለችው አደረጉ፤ በየጠዋቱ ብልቃጡን ይዘው ጠብታ ይቆጥሩ ነበር። አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ኮራል ሞተች። ሙሽራይቱ ደግሞ ጫፍ ጫፏ ነጣ፣ ሥጋዋ ተልጦ ወደቀ። ልኩ ከተስተካከለ በኋላ ንጣቱ ወደ ታች መውረዱን አቆመ።

ልጃቸው ሕፃኗን ታቅፋ ቤት ስትገባ ሾፌሩ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሙ። እሷ ገንዳው ፊት ቆማ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ሙሽራዬ ምን ሆነች?» አለች።

«እኔ ነኝ። አንቺ ቀዶ ጥገና የገባሽ ቀን። ሶዳውን ደፋሁባት።»

«አንተ ራስህ ነህ ያተረፍካት?»

«የዓሣ ቤቷ ሴትዮ እየነገረችኝ። አረንጓዴዋ ግን… እሷ አልተረፈችም።»

ልጃቸው ዞር ብላ አየቻቸው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን ከንፈሯ ሊስቅ ነበር። «ያን ቀን ሆስፒታል ስትመጣ ኖራ በኖራ ሆነህ ነበር ብሎ ባሌ ነግሮኛል። አብደሃል ብሎ ነበር የፈራው።» ከዚያ መቀስ አምጥታ የሞተውን ጫፍ ጫፍ እየቆረጠች፣ «ከታች ጤነኛ ናት። ትሸፍነዋለች» አለች።

እጇ ውሃ ውስጥ ስለነበር ሕፃኗን እንዲይዙላት ጠየቀቻቸው።

«እኔ? ብጥላትስ?»

«አባዬ፣ ያዛት።»

ሾፌሩ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ሶፋው ላይ አስደግፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው። ብትወድቅ እንኳ ከከፍታ እንዳትወድቅ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።