ጋሽ ከማል አካውንቴን ሲጠብቁልኝ

"ልጄ፣ እሱ የለም። ሲመጣ እነግርልሻለሁ። ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?"

ዛሬ ከሰዓት ለሀያት በእኔ ስም የተላከላት መልእክት ይሄ ነው። ሀያት ማለት ዓመት ሙሉ ከሰፈር ደብቄ የያዝኳት ፍቅረኛዬ ናት።

አብነት ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ሳለሁ መብራት ሄደ። እኔም አካውንቴን ሳልዘጋ ወጣሁ። "አስታውሰኝ" የምትለዋን ሳጥን ነክቻት ኖሮ፣ መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልረሳኝም። (ቀኑን እንኳ የማያስታውስ ኮምፒውተር!)

በቦታዬ የተቀመጡት ዜና ሊያነቡ የመጡት ጎረቤታችን ጋሽ ከማል ናቸው። ፎቶዬን ሲያዩ ቤቴን ክፍት ትቼ የሄድኩ መሰላቸው። የጎረቤት ቤት ደግሞ ክፍት እያዩ አይታለፍም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቁልኝ፤ ለጻፈልኝ ሁሉ "የለም" እያሉ መለሱ።

"ጋሼ፣ ዝም ብለው አይዘጉትም ነበር?" አልኳቸው ስመለስ።

"መዝጊያውን መች አውቄው! ይልቅ የልጅቷን አባት አውቃቸዋለሁ፤ ደህና ሰው ናቸው። ደውዬላቸዋለሁ። እሁድ ሽማግሌ ይዤ እሄዳለሁ።"

እናቴ ገና አልሰማችም።

እኔ እንግዲህ ሳልዘጋ ወጥቼ ሙሽራ ሆኜ ተመለስኩ። እናንተስ ሳትዘጉ ወጥታችሁ ምን ሆናችሁ ተመለሳችሁ?