ሲወርድ የሚከብድ መኪና

አጎቴን ሾፌሮቹ «ሚዛን» ነው የሚሉት። ሰው መኪናው ላይ እግሩን ገና ሲያሳርፍ፣ ዞር ብሎ ሳያይ፣ መሪው ላይ እንደተደገፈ «ስልሳ ስምንት» ይላል። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ስትገባ «ሰማንያ አራት» ቢል፣ «እናትህን መዝን!» ብላው ወርዳ በእግሯ ሄደች። በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ብትመዘን ሰማንያ አራት። ከዚያ ወዲህ እሱን ስታይ መንገድ ትሻገራለች።

ይሄን ችሎታ ያመጣበት የቤንዚን ዋጋ ነው። ከላይ ሰፈር እስከ ታች ገበያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሚኒባስ ነድቷል። መንገዱ አንድ ረጅም ቁልቁለት ነው፤ ስትወርድ ጆሮህ ይደፈናል፣ ስትወጣ ሞተሩ እንደ አስም በሽተኛ ያቃስታል። ድሮ ይሄን ማንም ልብ አይለውም ነበር። ከዚያ ሬዲዮኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ፣ ያ ጉሮሮው በቅቤ የታሸ የሚመስለው፣ «በነዳጅ ዋጋ ላይ መጠነኛ ማሻሻያ ተደርጓል» ማለት ጀመረ። በወሩ ደግሞ «መጠነኛ ማሻሻያ»። በሌላው ወር ደግሞ።

«እንዲህ እየተሻሻለ ከሄደ ተሽሎን መሞታችን ነው» አለ አጎቴ፣ ሬዲዮኑን ነቅሎ ቤት አስቀመጠው። ነገሩን ስለጠላው ብቻ አይደለም፤ ሬዲዮኑም ክብደት አለው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ታሪፉ ያው ነው። የታክሲ ማህበሩ ደግሞ በቀን ስምንት ምልልስ ያልሞላ መኪና ከመስመሩ ይሰረዛል ብሎ ለጥፏል። የአጎቴን አሮጌ መኪና ሌላ መስመር አይቀበለውም። ከዚህ ከወጣ አለቀ፣ ሾፌርነቱም አብሮ ያልቃል። በዚህ ዋጋ ሞተር እያስነሱ ስምንት ምልልስ ደግሞ የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቶ መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ከትምህርት ቤቱ በታች ብቻ ነበር። ዋጋው ሲጨምር ከወፍጮ ቤቱ። ሲጨምር ጊዜ ከላይ፣ ከተራው ራሱ። ቁልፉ ሲጠፋ መሪው እንዳይቆለፍ መካኒኩ ጋ ወስዶ መቆለፊያውን አስነቀለው። ሽቅቡ እንዲቀልለት ትርፍ ጎማውን አወረደ፣ ክሪኩን አወረደ፣ ምንጣፉን አወረደ። መጨረሻ ላይ ረዳቱን አሰናበተና አክስቴን በሩ ላይ አቆማት።

«ረዳቱ ስልሳ አምስት ነበር» አለ፣ ያንን መዛኝ ዓይኑን ወደሷ ሰድዶ። «አንቺ…»

«ጨርሰዋ! ቁጥሩን ጥራና ደግሰህ ያመጣኸኝን ቀን ትረግማታለህ!»

አልጨረሰም።

እኔ ታች ገበያ ስልክ ስለምጠግን በየጠዋቱ ከነሱ ጋር ነው የምወርደው። ስለዚህ የምነግራችሁን ነገር ተቀምጬበት ነው ያየሁት።

ሞተር ሲጠፋ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ይቀንሳል። የታመመ ሰው የተኛበት ቤት እንደገባ። ጎማው አስፋልቱ ላይ «ሽሽሽሽ» ይላል። የአንዱ ፌስታል ይንኮሻኮሻል። ምራቅ የዋጠ ሰው ይሰማል። በመስኮት ስታይ መንገደኞቹ ጀርባቸውን እንደሰጡ ያልፉሃል፤ ማንም ዞር አይልም፣ ምክንያቱም የሰማህ የለም። ያለህ አይመስልህም።

አጎቴ ሰው መመዘን የለመደው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ታች ሜዳው ላይ መኪናው በራሱ እስኪቆም ይለቀዋል። አስር ሰው ከጫነ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ይቆማል። አስራ አንድ ከሆነ ፋርማሲው ጋ። አስራ ሁለት ከሆነ አናጢው ጋ ይደርሳል። ከአናጢው እስከ ታችኛው ተራ ያለችውን ነው ሞተር አስነስቶ የሚሄዳት።

አንድ ጭጋጋማ ጠዋት አናጢው ጋ ደረስን። አናጢው ጋ ደርሰንም አልፈን ሄድን።

«ስንት ናቸው?» አለ አጎቴ።

«አስራ አንድ» አለች አክስቴ።

«ቁጠሪያቸው።»

«ቆጠርኳቸው እኮ! አስራ አንድ።»

«እኔ የጫንኩት አስራ ሦስት ይሆናል። ቢያንስ አስራ ሁለት።»

«እንግዲህ አንዱን ውጬዋለሁ፣ ሆዴን ዳስስ!»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጠው ልብስ ሰፊ «የኔ ዕዳ ነው እሱ፣ ከባድ ነው» አለና ሳቁ እንደገና ተነሳ። አጎቴ ብቻ አልሳቀም። ወርዶ የኋላውን የቀኝ ጎማ ጎንበስ ብሎ አየው። ሰው ሁሉ ወርዶ አልቋል፤ ጎማው ግን ጥቂት ቆይቶ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ ከፍ ያለው።

በማግስቱም ያው። በሦስተኛውም ቀን። ሽቅብ ስንወጣ ምንም የለም፤ ቁልቁል ስንሆን አንድ ሰው ይተርፋል። አጎቴ መጀመሪያ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ከዚያ አሰበበት መሰለኝ፣ ወደደው። መኪናው ሲከብድ ሩቅ ይንከባለላል፣ ሩቅ ሲንከባለል ቤንዚን ይተርፋል።

«ይሄ ሰውዬ ጨዋ ነው» አለን አንድ ቀን ቤት ቁጭ ብለን። «ሲወርድ ይሳፈርልኛል፣ ሲወጣ አያስቸግረኝም።»

«የቱ ሰውዬ?» አለች አክስቴ።

«የኋላው። በቀኝ ጥግ ያለው።»

አክስቴ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችው። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው እንዳይሰማህ።»

ግን ሰው ሳይሰማም ያውቅ ነበር። ያቺ የቀኝ ጥግ ወንበር ባዶ መቅረት ጀመረች። ማንም «አልቀመጥም» አላለም፤ ዝም ብሎ ሌላው ላይ ይጨናነቃል። እኔ ደግሞ አልሰማ ባይ ነኝ፤ አንድ ጠዋት ሄጄ ዘፍ አልኩባት። ትምህርት ቤቱን እንዳለፍን አጎቴ በመስታወቱ አየኝ። እንደወትሮው አልተቆጣም። ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃበት እንደሚናገር ሰው፣

«ተነስ» አለኝ። «ተደራርባችኋል።»

ተነሳሁ። እስክንደርስ ድረስ ቆሜ፣ አንገቴን ጣሪያው ቆልምሞት ሄድኩ።

ከዚያ ሬዲዮኑ ቤት ውስጥ ሆኖ ሌላ ማሻሻያ አወጀ። አጎቴ ታንከሩ ውስጥ ጭላጭ ብቻ ይዞ መሄድ ጀመረ፤ ቤንዚንም ይከብዳላ። በዚያው ሳምንት «ዛሬ ሁለት ናቸው» አለ። ከዚያ «አራት»።

«ሞተሩን አስነሳ» አለችው አክስቴ። «ቆይ፣ ሰው ነው የጫንከው!»

«ባስነሳ ስድስት ምልልስ ነው የምሞላው። መስመሩን ይነጥቁኛል። ከዚያ ይሄን አሮጌ የት ላቁመው? ሳሎን?»

«ሳሎን አቁመው! እኔ ውጪ አድራለሁ!»

«በቃ፣ ወሩ እስኪያልቅ።»

ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ጭጋጉ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ አያሳይም። ከላይ አስር ሰው ጫንን። ሁልጊዜ አጎቴ ከተራው ሲነሳ ሁለት ሰው ገፋ ያደርገዋል። የዚያን ቀን ገፊዎቹ እጃቸውን ሳያሳርፉ መኪናው ሄደ።

ወፍጮ ቤቱን አለፍን። ልብስ ሰፊው እንኳ መርፌ እንደያዘ ከንፈሩን ገጥሟል። ትምህርት ቤቱ ጋ ስንደርስ አጎቴ፣

«ሞልቷል» አለ።

«ምኑ?» አለች አክስቴ።

«መኪናው። መቆሚያም የለ።»

አክስቴ ዞር ብላ አየችን። አስር። የኋላው ጥግ ባዶ ነው። ፍጥነቱ ግን ጨመረ። አጎቴ ፍሬን ረገጠ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ እየደረቀ ይሄዳል፤ የዚያን ቀን ድንጋይ ሆነ። በሁለት እግሩ ቆመበት። ቁልፉን አዞረ። «እርርር… እርርር…» እምቢ። ጭላጯ ቤንዚን በቁልቁለቱ ወደ ፊት ሸሽታ፣ መሳቢያ ቱቦዋ አየር እየሳበች ነው። ክላክሱን ተጫነው፤ ባትሪው ደክሞ ስለነበር «ኧ…» ብሎ ቀረ። ታች ጭጋጉ ሳሳ ሲል የገበያው ሰው ጀርባ፣ ጀርባ፣ ጀርባ ብቻ ይታያል። አንዲት ሴት ሽንኩርት ተሸክማ መሀል መንገድ ላይ ትሄዳለች። አትሰማንም። ማንም አይሰማንም።

«አስነሳው!» አለች አክስቴ። ጩኸት አልነበረም፤ ልመና ነበር።

አጎቴ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ለቀቀው። መኪናው ጮኸ። እኛ ተገለባበጥን። ሁለተኛ አስገባ። «ጉፍ!» አለ፣ «ጉፍ! ጉፍ!»፣ ከዚያ ሞተሩ ተነሳ።

ይሄን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ሞተሩ እንደተነሳ መኪናው ከኋላ ቀለለ። የተሞላ መኪና ፌርማታ ላይ ሲራገፍ ታውቁታላችሁ አይደል? ወዝወዝ፣ ወዝወዝ እያለ ከፍ፣ ከፍ። እንደዚያ። በሩ ተዘግቶ ነበር። የአክስቴ እጅ እጀታው ላይ ነበር።

«ወረዱ» አለች።

እነማን ብሎ የጠየቃት የለም።

ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆምን። ሽንኩርት የተሸከመችው ሴትዮ በሁለት እርምጃ ፊት ለፊታችን ነበረች፤ ሞተሩን ሰምታ ገና ያን ጊዜ ነው ዞር ያለችው። «ከየት መጣችሁ?» አለችን ተቆጥታ። ልክ ነበረች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አጎቴ ሞተር አላጠፋም። ወሩ ሲያልቅ ተራ አስከባሪው መጣ፤ ያ በአፍንጫው የሚያወራው፣ ፊሽካውን ከጥርሱ ለይቶ የማያውቀው።

«ጋሼ፣ ከስምንት ስድስት። ሕግ ሕግ ነው።»

«ልክ ነህ። ሌሎቹ እንዴት ይሞሉታል?»

«አጥፍተው ይወርዳሉዋ!»

«እንደዚያ መሆኑን ታውቃለህ ማለት ነው።»

ተራ አስከባሪው ፊሽካውን ነፋ። አጎቴን ሰረዘው።

መኪናው አሁን ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ አክስቴ ልብስ ታሰጣበታለች። አጎቴ ግን ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤቱ በታች፣ ኩርባው ላይ ሄዶ ይቆማል። ሚኒባሶቹ በዝምታ ይወርዳሉ፤ አጠገብህ እስኪደርሱ አታውቃቸውም። እሱ የሾፌሮቹን ፊት አያይም፤ ጎማ ጎማውን ነው የሚያየው። የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየመታ «አስነሳው! ሞተሩን አስነሳው!» ይላል። የድሮ ጓደኞቹ ናቸው፣ ያፍሩታል። «እሺ ሚዛን! እሺ አባቴ!» ብለው እጃቸውን እያወዛወዙ ያስነሱለታል፤ «ትርርርር» እያሉ ኩርባውን ይዞራሉ። ግንቡ ይጋርዳቸዋል።

አንድ ቀን አብሬው ቆምኩ። አምስተኛው መኪና «እሺ ሚዛን!» ብሎ ኩርባውን ዞሮ ከዓይናችን ጠፋ። «ትርርርሩ» ከግንቡ ማዶ ተቋረጠ፤ አጎቴ ጆሮውን ወደዚያ አዞረ።

«ሰማህ?» አለኝ።

«ምንም አልሰማሁም፣ ጋሼ።»

«እኔም» አለ።